ንግግር ተቀባይዋ ዘይቱና

ከሚሴ ወርዳችሁ «የዘይቱና ኢሳ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ የባጃጅ ሾፌሩ «የጎሚስታው ልጅ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አስተምራ፣ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ አብቅታ፣ ለከሚሴ ሰው ያው የጎሚስታው ልጅ ናት። እሷ ደስ ይላታል። የምናደድላት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ስናደድ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ስለዚህ ታሪኳን ልንገራችሁ።

አባቷ ጋሽ ኢሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጎማ ይለጥፉ ነበር። ዘይቱና እንግሊዝኛ የለመደችው እዚያ ነው ብል አልዋሸሁም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች፣ ላሊበላን ሊያዩ የሚሄዱ ፈረንጆች ጎማቸው ሲተነፍስ ከአባቷ ደጅ ይቆማሉ። እሷ ታዲያ ደብተሯን ወርውራ ትመጣና ፊት ለፊታቸው ቆማ ትጀምራለች። ስማቸውን ትጠይቃለች፣ የእናታቸውን ስም ትጠይቃለች፣ አገራቸው ፍየል ይኖር እንደሆነ ትጠይቃለች። ግማሹን ቃል አታውቀውም፤ የምታውቀውንም ሰባብራ ነው የምታወጣው። «አታፍሪም ነበር?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት። «ምን አሳፈረኝ? ጎማው እስኪለጠፍ የት ይሄዱብኛል!» አለችኝ። ጋሽ ኢሳም ልጃቸው ጨዋታው ሲደራላት እጃቸውን ቀሰስ ያደርጉ ነበር ይባላል። ፈረንጆቹ ይህን ሳያውቁ ነው ላሊበላ የገቡት።

እኔ ሰልሳቢል እባላለሁ። የከሚሴ ልጅ ብሆንም ዘይቱናን በደንብ ያወቅኳት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ነበር የምንማረው፤ እሷ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሆና ተመደበች። ክፍላችን የዞናችን ልጅ የሞላበት ነበር። የከሚሴ አለ፣ የባቲ አለ፣ የጨፋ ሮቢት አለ። አማርኛና ኦሮምኛ ለእኛ አንድ ናቸው፤ በአንዱ የጀመርነውን በሌላው እንጨርሳለን፣ መቼ እንደተማርናቸውም አናስታውስም። ወረቀት ላይ ከሆነ እንግሊዝኛም አያቅተንም። ተነሥታችሁ ተናገሩ ሲባል ግን ክፍሉ ጭር ይላል። የኋላ ወንበር ለመያዝ ስንል ከመምህሮቻችን ቀድመን እንመጣ ነበር፤ ሰዓት አክባሪዎች እየተባልን የተመሰገንነው በዚህ ነው።

ከሁላችንም የባሰው ሙህዲን ነበር። ሙህዲን አብዶ የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ሲሆን በፈተና የሚደርስበት የለም። በኦሮምኛ ቀልድ ከጀመረም ሆድ ያሳምማል። አንደኛ ዓመት ላይ በእንግሊዝኛ ራስህን አስተዋውቅ ተባለና ተነሣ፤ ገና ከመጀመሩ ከኋላ ሳቅ ፈነዳ፤ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛ አፉን ከፍቶ አያውቅም። መምህር ሲጠይቀው ይነሣል፣ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል፣ መምህሩ ሲታክተው ይቀመጣል። ያን ሁሉ እውቀት ይዞ እንደዚያ ሲቀመጥ ማየት ያንገበግበኝ ነበር።

ዘይቱና ያልሞከረችው ነገር የለም። መጀመሪያ አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ከአዲስ አበባ አስመጣች። ሰውየው በሙሉ ልብስ ሽክ ብሎ መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ እንግሊዝኛ ስንት የሥራ በር እንደሚከፍት ነገረን። «እችላለሁ በሉ!» አለን፤ እኛም ጣሪያው እስኪነቃነቅ «እችላለሁ!» አልን። ሁሉም በአማርኛ ነበር። በማግሥቱ ዘይቱና «እስቲ ትናንት የሰማችሁትን በእንግሊዝኛ ንገሩኝ» ስትል ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። ቀጥላ ካፌ ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ይወራ የሚል ሕግ አወጣች። ያን ሳምንት ካፌው ውስጥ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ጨው የፈለገ በጣቱ ይጠቁማል፣ በርበሬ የፈለገ ያስነጥሳል።

ስህተት ደግሞ አታሳልፍም። ከመካከላችን አንድ ደፋር ተገኝቶ ቢናገር፣ ቃሉን ከአፉ ላይ ቀልባ አስተካክላ ትሰጠዋለች። ለእኛ ብላ ነው፤ እውነቷን ነበር። ደፋሩ ግን በሚቀጥለው ቀን ከእኛ ጋር ኋላ ተቀምጦ ይገኛል።

በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ የመመረቂያችን ዓመት የደረሰው፤ ሁለት ሺህ አራት መሆኑ ነው። ሁላችንም የየራሳችንን ጥናት ሠርተን ፈታኞች ፊት ቆመን በእንግሊዝኛ ማቅረብና መከራከር ነበረብን። ሙህዲን ያጠናው የጨፋን ሜዳ ሣር ነው፤ በበጋ ከየአቅጣጫው ከብት የሚሰበሰብበትን፣ እሱ ራሱ ያደገበትን። ትምህርት ክፍሉ ደግሞ በጨፋ ላይ ያጠኑ ተማሪዎች ከሚሴ ወርደው፣ ዞኑ አዳራሽ ውስጥ፣ የግብርና ባለሙያዎች ባሉበት እንዲያቀርቡ ወሰነ። ዋናው ፈታኝ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሕንዳዊ ዶክተር ናቸው ተባለ፤ አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቁም። ሙህዲን ይህን የሰማ ቀን እራቱን አልበላም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሙሀመድኑር ደግ ሰው ነበሩ። ዘይቱናን አስጠሯት፤ ወረቀት ላስረክብ ሄጄ ስለነበር እኔም በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ልጁን ምን አስጨነቀን?» አሏት። «ጥያቄው በጽሑፍ ይሰጠው፣ በጽሑፍ ይመልስ። ማለፊያ ነጥብ እንሰጠውና ይገላገል።»

«ጋሽ ሙሀመድኑር፣ ሣሩን እየለካ በፀሐይ የተጠበሰው እሱ ነው። እሱ ቆሞ ካልተናገረለት ማን ሊናገርለት ነው?»

«መድረክ ላይ ወጥቶ ዝም ቢልስ? ይወድቃል እኮ! ጓደኞቹ ጋዋን ሲለብሱ እሱ ወደ ጨፋ ሊመለስ ነው።»

«ይናገራል።»

«ባይናገርስ?»

«ያኔ ተወቃሿ እኔ ልሁን» አለች።

እሷ ስትወጣ ሙህዲን ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቲቸር፣ ወላሂ ተይኝ» አላት። «አባቴ ተመረቀ መባሉን ብቻ ነው የሚፈልገው። በጽሑፍ ይሁንልኝ።» ዘይቱና ክንዱን ያዝ አድርጋ «አብሽር፣ አላህ መላ አያጣም» አለችው። በመጨረሻ እሺ አለ፤ የእሺታው ድምፅ ግን የለቅሶ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ረገምኳት፤ ደህና ማለፊያ ተገኝቶ ልጁን ገደል አፋፍ ላይ አቆመችው ብዬ።

የመንፈቅ ዕረፍት ሲሆን ሁላችንም ወደ ቤታችን ገባን። በዚያ ሰሞን ጋሽ ኢሳ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘይቱና ቡና ታቀርብላቸው ነበር። ከጨፋ በኩል የመጣ አንድ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣልቶ ጉዳዩን ሊያስረዳ ቆመ። ሰውየው ይንተባተባል። ከአጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ግን በየትንፋሹ «ኤዬ» ይሉታል፤ በኦሮምኛ አዎ እንደማለት ነው። ሰውየው አንድ ነገር ይላል፣ አዛውንቱ «ኤዬ» ይሉታል፤ ቃል ይጠፋዋል፣ «ኤዬ» ብለው ይጠብቁታል። አያርሙትም፣ አያስቸኩሉትም፣ ከማን ወገን እንደሆኑም አይታወቅም። ተንተባታቢው ሰው እንዲያ እየተባለ ጉዳዩን ከመነሻው እስከ መድረሻው አስረድቶ ተቀመጠ። ንግግር መቀበል የሚባለው ይህ ነው፤ እኛ አገር ከተወለደ ጀምሮ የማያውቀው የለም። ስለምናውቀውም ልብ ብለን አይተነው አናውቅም።

ዘይቱና በማግሥቱ በማለዳ በራችንን ልትሰብረው ደረሰች።

«ሰልሳቢል! አንቺ! ተነሺ!»

«ምን ሆንሽ ቲቸር? ሰው ሞተ?»

«ቃላችሁን ስነጥቃችሁ ነው እኮ የከረምኩት! አንድ ሰው ተቀብሏችሁ አያውቅም እኮ!» አለች። ዓይኗ ያበራ ነበር። ነገሩ ባይገባኝም ነጠላዬን ይዤ ተከተልኳት።

የሰበሰበችን አባቷ ጎማ የሚለጥፉበት ግቢ ውስጥ ነው። አሮጌ ጎማ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሙህዲንም ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ከሁሉ ኋላ ያለችውን ጎማ ያዘ። ሕጉ አጭር ነበር። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ የቀረነው እንቀበለዋለን። መሳቅ የለም፣ ማረም የለም፣ ዘይቱናም ራሷ አታርምም።

የባቲው ዩሱፍ ተነሣ። እየተኮላተፈ፣ በእንግሊዝኛ፣ ባለፈው ዓመት ድርቅ ፍየሎቻቸውን እንደጨረሰባቸው ተናገረ። እኛ ደግሞ ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ ፊታችን አንድ ሰው ቆሞ እየተናገረ፣ ተቀበሉ ተብለን፣ ከአፋችን ምን ሊወጣ ይችላል? ሰው ተሰብስቦ የሚመራረቅበት የወዳጃው ዱዓ ትዝ አለንና በአንድ ድምፅ «አሚን!» አልን።

ዩሱፍ ዓይኑን አጉረጠረጠ። «ፍየሎቻችን ስላለቁ ነው አሚን የምትሉት?» አለ በአማርኛ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ኢሳ ሳይቀሩ መዶሻቸውን ጥለው ሳቁ። ዘይቱና እንባዋን እየጠረገች «ኤዬ! ኤዬ ብቻ! አሚን ለዱዓ ይቆየን!» ትላለች። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው በተናጋሪው ሳይሆን በሰሚዎቹ ነበር። ሙህዲንም ሆዱን ይዞ ሲስቅ ሲስቅ፣ እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ በእንግሊዝኛ «የእኔም ላም ሞታለች፤ እባካችሁ አሚን አትበሉ» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሙህዲን ራሱ ደንግጦ አፉን ያዘ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ቀስ ብዬ «ኤዬ» አልኩት።

አየኝ። «ነጭ ነበረች» አለ በእንግሊዝኛ።

«ኤዬ።»

«ሣሩ አልቆ ነበር። ረግረጉ ውስጥ ሣር ፍለጋ ገባች።»

«ኤዬ።»

«አልወጣችም። እኔና አባቴ ገመድ ይዘን ሄድን። አባቴ አለቀሰ።»

ስህተቱ ብዛቱ ለጉድ ነበር። ዘይቱና እንዳታርም ከንፈሯን ነክሳ፣ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ጨምድዳ ይዛ ትሰማዋለች። እሱ ግን የላሟን ነገር ከዳር እስከ ዳር ተናገረ፤ ለምን ሣር ማጥናት እንደፈለገም ያን ቀን ገባን። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበለትም። ዘይቱና የነጠላዋን ጫፍ ለቀቅ አድርጋ «የሚቀጥለው ማነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ ያ ግቢ ሌላ ሆነ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የከሚሴ ልጆችም እየሰሙ መጡ፤ ጎማ መቀመጫ አጥተው የሚቆሙ ነበሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን እየጠበቀ ይቁነጠነጣል። የባጃጅ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሾፌር ሳይቀር «ኤዬ» ብሎ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን እንግሊዝኛ ተማሩ ያለን ማንም የለም፤ እኛ ነን ዘይቱናን እረፍት የነሳናት። ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ ከክፍላችን የፊት ወንበር ጠፋ።

ይሁንና ጎማ ላይ ተቀምጦ ለጓደኛ መናገር ሌላ ነው፣ የዞን አዳራሽ ሌላ። የፍርዱ ቀን ሲደርስ ከሚሴ እንደ ወትሮዋ በሙቀት ትፋጅ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት የግብርና ባለሙያዎች፣ ከእነሱ ጎን ሙሀመድኑርና ሕንዳዊው ዶክተር። ዶክተሩ ቀጠን ያሉ፣ ኮስታራ፣ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እሱን እሱን የሚያዩ ሰው ናቸው። የሙህዲን አባት ሼህ አብዶም ከጨፋ ሮቢት መጥተዋል፤ አዲስ ሽርጥ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዘይቱና ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። መቀመጥ አልቻለችም።

ሙህዲን ወጣ። ጀመረ፤ እኛም ከኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኤዬ» አልነው። ቀጠለ፤ «ኤዬ» አልነው። ዶክተሩ ዞር አሉ። በሦስተኛው ጊዜ ጠረጴዛውን በብዕራቸው መታ መታ አድርገው፣ ተማሪዎች ተፈታኙን እንዳይረብሹ፣ ካልሆነ አዳራሹን ለቀው እንዲወጡ ተናገሩ። ልክ ናቸው፤ ፈተና ነው። ዝም አልን።

ሙህዲንም ዝም አለ።

አንገቱ ሲሰበር አየሁት። ያቺ የማውቃት አቀርቃሪነት ተመልሳ መጣች፤ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ሙሀመድኑር ዘይቱናን ቀና ብለው አዩዋት፤ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን። ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ዘይቱና ከግድግዳው ጋር የተጣበቀች መሰለች። እኔ ያን ጊዜ ያልተሳልኩት ስለት የለም።

በዚያ ጸጥታ መሀል «ኤዬ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

ሼህ አብዶ ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም። ስለ ሕግና ስለ ፈተናም የነገራቸው የለም፤ የዶክተሩም ትእዛዝ በጆሯቸው ያለፈ ድምፅ ነው። ልጃቸው ቆሞ ሲናገር ነበር፣ ከዚያ ቆመ፣ የሚቀበለው ሰው ስላጣ ነው ብለው አሰቡ። ሰው እየተናገረ ካልተቀበሉት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ተቀበሉት።

ዶክተሩ ሊገሥጹ ዞሩ። አዛውንቱን፣ ሽርጣቸውን፣ ምርኩዛቸውን አዩ። ምንም ሳይሉ ወደ ሙህዲን ተመለሱ። ሙህዲን ቀና ብሎ ነበር። አባቱን እያየ ቀጠለ። ሣሩን በየወቅቱ እንዴት እንደለካ ተናገረ፤ ሼህ አብዶ «ኤዬ» አሉ። ውኃው ከሜዳው እንዴት እንደሸሸ ተናገረ፤ «ኤዬ» አሉ። ዶክተሩ መሀል ላይ ጥያቄ ሲያነሡ፣ ሼህ አብዶ እንግዳ ነው ብሎ ማዳላት አይገባምና ለእሳቸውም «ኤዬ» አሏቸው። ዶክተሩ ግራ ተጋቡ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ጥያቄያቸውን ረዘም ማድረግ ጀመሩ።

ጥያቄ ተከተለ፣ መልስ ተከተለ። የሙህዲን እንግሊዝኛ አሁንም ይሰባበር ነበር፤ እሱ ግን ስብርባሪውን እያነሣ ይገጣጥምና ይቀጥላል። በመጨረሻ ዶክተሩ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰዓትህ አልቋል፣ እናመሰግናለን፣ መቀመጥ ትችላለህ አሉት። ከእኛ መሀል ይህን ሰምቶ አልሐምዱሊላህ ብሎ የማይቀመጥ አልነበረም።

ሙህዲን አልተቀመጠም። «ኖ ሰር» አለ፣ ጮክ ብሎ። «አይ ሃቭ ኖት ፊኒሽድ።»

ሙሀመድኑር ግንባራቸውን ያዙ። ባለሙያዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዶክተሩ ሙህዲንን አዩት፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ሙህዲን የሣሩን መዳኛ፣ ዞኑ ማድረግ የሚገባውን፣ የከብቶቹን መግቢያና መውጫ አንድ በአንድ ተናገረ። ባለሙያዎቹ ይጽፉ ጀመር። ጨርሶ የተቀመጠው ሲበቃው ነው።

ውጤቱ በዚያው ቀን ተነገረ፤ እዚያ ካቀረቡት ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘው እሱ ነበር። ሙሀመድኑር ወንበራቸውን ገፍተው ዘይቱና ወደ ቆመችበት ግድግዳ ሄዱና፣ ሰው እያየ፣ በሁለት እጃቸው ጨበጧት። ሊሰሙ የመጡት ከእኛ በታች ያሉ ተማሪዎች ደግሞ እንግሊዝኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ «የእኛ መቼ ነው ቲቸር? እኛም ከሚሴ እንድናቀርብ ይፈቀድልን!» እያሉ ከበቧት። አቅርቡ ሲባል የሚሸሹ የነበሩት ማለት ነው።

ከሕዝቡ ስትላቀቅ ሼህ አብዶ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«ኢልሚ ኮ ማል ጄዴ?» አሏት፤ ልጄ ምን አለ ማለታቸው ነው። «መጨረሻ ላይ፣ ያ እንግዳ እጁን ሲያነሣበት። ሰው ሁሉ ሲደነግጥ አየሁ፤ ክፉ ተናገረ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ የለም ሼህ አብዶ፣ ክፉ አልተናገረም» አለች ዘይቱና። «አልጨረስኩም ነው ያለው።»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት።

«ታዲያ ካልጨረሰ ምን ይበል?» አሏት።

ዘይቱና እዚያው በሩ ላይ፣ የከሚሴ ሰው ሁሉ እያያት፣ እየሳቀች አለቀሰች።